የፊልም ኩባንያዎች ዓርማ ፍለጋና የሴባስቶፖል ስም

በሲኒማ ቤት መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ የተዋንያኑ ስም ከመምጣቱ በፊት፣ በመጋረጃው ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ታይቶ የሚጠፋ ምልክት አለ። ይህም የፊልሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ዓርማ ነው። ተመልካቹ ለታሪኩ ሲቸኩል ልብ አይለውም፤ የቪዲዮ ቤት ባለቤትም ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ካሴቱን ከዚያ አሳልፎ ያስጀምር ነበር። ይህም ሆኖ በአሜሪካና በአውሮፓ ታሪኩን ትተው ዓርማውን ብቻ የሚያድኑ፣ አሮጌ የኪራይ ካሴቶችን በርካሽ እየገዙ የመጀመሪያዎቹን ሴኮንዶች የሚገለብጡና የሚመዘግቡ ሰዎች ተነሥተዋል። ሥራቸው የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስል ይሆናል። በእውነቱ ግን የታሪክ ሊቃውንት ማኅተምን ከሚመረምሩበት ዘዴ ብዙ የራቀ አይደለም።

ማኅተም በኢትዮጵያ ታሪክ ምን ያህል እንደሚናገር ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለውጭ ነገሥታት በላኳቸው ደብዳቤዎች ላይ የአንበሳ ሥዕልና የንጉሠ ነገሥቱ ስም ያለበት ማኅተም ታትሟል። ስቬን ሩበንሰን የነገሥታቱን ማኅተሞች እያነጻጸረ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናት፣ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ቃል በመነሻው የንጉሥ ማዕረግ ሳይሆን ስለ ክርስቶስ የሚነገር የሃይማኖት ቃል እንደ ነበረ አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ነገር ለመመርመር የተቻለው ማኅተሙ ያረፈበት ወረቀት በተቀባዮቹ መዝገብ ቤት ተጠብቆ ስለ ቆየ ነው። ወረቀቱ ቢጠፋ ኖሮ ማኅተሙም አብሮት በጠፋ ነበር።

የፊልም ዓርማ የተወለደው ከጥበብ ፍቅር ይልቅ ሌባን ከመፍራት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሲኒማ ገና ሲጀመር አንዱ ነጋዴ የሌላውን ፊልም ገልብጦ እንደ ራሱ አድርጎ መሸጥ የተለመደ ነበር። ስለዚህ የፈረንሳዩ ፓቴ ኩባንያ የአውራ ዶሮውን ምልክት፣ የአሜሪካው ባዮግራፍም ሁለቱን የስሙን ፊደላት፣ ተዋንያኑ በሚጫወቱበት ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ጀመር፤ ሌባው ምልክቱን ለማጥፋት ቢፈልግ ሥዕሉን ሁሉ ማበላሸት ግድ ይሆንበታል። የጎሞን ኩባንያ በበኩሉ ማርጌሪት የተባለችውን አበባ መረጠ፤ ማርጌሪት የመሥራቹ የሊዮን ጎሞን እናት ስም ነውና። እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ደግሞ ከ1916 ጀምሮ የጎልድዊን ኩባንያ ይጠቀምበት የነበረውን አንበሳ ወረሰ። ይህን አንበሳ ከይሁዳ አንበሳ ጋር ለማዛመድ የሚቃጣው አይጠፋም፤ ነገር ግን ሁለቱ አናብስት በምንም ዝምድና የላቸውም።

ፈላጊዎቹን የሚያደክማቸው የኩባንያዎች መሸጥና መለወጥ ነው። አንዱ ኩባንያ ሌላውን ሲገዛ አሮጌውን ዓርማ ቆርጦ ያወጣና በቦታው የራሱን ይተካል፤ ከዚያ በኋላ በሚታተመው ቅጂ ሁሉ የቀድሞው ባለቤት እንዳልነበረ ይሆናል። የመጀመሪያው ምልክት የሚገኘው ከለውጡ በፊት በተሠራ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ስክሪን ጄምስ የተባለው የቴሌቪዥን ፊልም ሠሪ ያወጣው ዓርማ ከነድምፁ ብዙ ሕፃናትን ያስፈራ ስለ ነበር፣ በ2010 ሮድኒ አሸር ስለዚሁ ፍርሃት ብቻ አጭር ፊልም ሠርቷል። የጥቂት ሴኮንድ ነገር በሰው አእምሮ ውስጥ አርባ ዓመት መኖሩን ማን ይገምት ነበር?

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ የሚገኘው ታሪክ አጭር ቢሆንም የተቆራረጠ ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ታዩ። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ግል ባለሙያዎችና ወደ ቪዲዮ ካሜራ ዞረ፤ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የተባለውን ፊልም የሠራው ቴዎድሮስ ተሾመም ለኩባንያውና በአዲስ አበባ ለከፈተው ሲኒማ ቤት ሴባስቶፖል የሚል ስም ሰጠ።

ይህ ስም ተመራማሪውን በቀጥታ ወደ ደብረ ታቦር ይመራዋል። ከከተማይቱ አጠገብ ባለችው ጋፋት እነ ዋልድማየርና ሳልሙለር ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው ሳሉ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ መድፍ ወደ ማቅለጥ ተሻገሩ። ከሠሯቸው ሁሉ ትልቁን፣ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን መድፍ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል አሉት። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 በክራይሚያ ጦርነት በደረሰባት ከበባ ከታወቀችው የጥቁር ባሕር ወደብ ነው። በ1860 ዓ.ም. ክረምቱ ሲያበቃ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። መድፉ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች እየተጎተተ በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መንገዱን ለማውጣት ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደ ነበር በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ፤ መድፉ ግን ከነክብደቱ እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ስሙ ሁለት ጊዜ የተዋሰ ነው፤ በመጀመሪያ ከባዕድ ወደብ ወደ መድፍ፣ ቀጥሎም ከመድፍ ወደ ፊልም። ዛሬ ሴባስቶፖል ሲባል ኢትዮጵያዊው አድማጭ የሚያስበው ጋፋትንና መቅደላን እንጂ ክራይሚያን አይደለም። አንድ የባዕድ አገር ስም እንዲህ ፈጽሞ አገርኛ ሲሆን ማየት ለባህል ጥናት ትልቅ ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸኩለው የታወቀው ስም አይደለም። የታወቀ ስም ወዳጅ አያጣም። የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ ይቀርጹ የነበሩ ፎቶ ቤቶችም በካሴቱ መጀመሪያ ላይ ስማቸውን በአበባና በቀለበት ሥዕል አጅበው ያስገቡ ነበር። የውጭው ኩባንያ ዓርማ በሺህ ቅጂ ተበትኗል፤ የፎቶ ቤቱ ግን ከሙሽሮቹና ከዘመዶቻቸው ቤት በቀር የትም አይገኝም። እንግዲህ በቍጥር ከታየ ብርቅ የሆነው ይኸኛው ነው። በውስጡም የፊደል አጣጣሉ፣ የዘፈኑ ምርጫ፣ የባለቤቱ ስልክ ስንት አኀዝ እንደ ነበረ ሳይቀር ይነበባል።

ካሴቱ በደጋው እርጥበት ይሻግታል፤ ሌላ ነገር ይቀረጽበታል፤ ማጫወቻውም ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ በዓለም ላይ መሠራቱ ቀርቷል። ወደ አዲስ መሣሪያ የሚገለብጡትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ካለው ይጀምራሉ እንጂ የፎቶ ቤቱን ስም አይተዉለትም። ስለዚህ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ንፋስ መውጫ ወይም ወደ አዲስ ዘመን የሚሄድ ተማሪ ካሴቱን ከነማኅደሩ ማየት፣ ከማጫወቱ በፊት እስከ መጀመሪያው መልሶ ማጠንጠን፣ ባዶ የሚመስለውንም ክፍል ሳይዘል መገልበጥ፣ የሠርጉን ዓመትና ቦታውንም ከቤቱ እናት ጠይቆ በማኅደሩ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።