መምህር ቻርልስ ተርነርና የነፍሳት ልቡና

ባለፈው መቶ ዓመት መባቻ ላይ የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት ስለ ነፍሳት ጠባይ ሲከራከሩ፥ አንዱ ወገን ጉንዳንና ንብ ብርሃንና ሽታ ወዲያና ወዲህ የሚነዳቸው መኪና መሰል ፍጥረታት ናቸው ሲል፥ ሌላው ደግሞ የሰውን አሳብና ስሜት ያለ ማስረጃ ይሰጣቸው ነበር። ክርክሩን ከመላ ምት አውጥተው ወደ ፈተና ካቀረቡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ጥቁሩ አሜሪካዊ ቻርልስ ሄንሪ ተርነር ነው።

ተርነር በ1867 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፥ በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ በሲንሲናቲ ከተማ ከቤተ ክርስቲያን ዐቃቢ አባትና ከአስታማሚ እናት ተወለደ። በ1907 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕርግ የዶክትርና ዲግሪ ቢቀበልም፥ ከ1908 ጀምሮ እስከ 1922 ድረስ የኖረው በሴንት ሉዊስ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሰምነር ሲያስተምር ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራና ረዳት ሳይኖረው፥ ከማስተማር በተረፈው ጊዜ ብዙ ምርምር መፈጸሙ እጅግ ያስደንቀኛል።

ለዶክትርናው ያጠናው ጉንዳኖች ወደ ጎጆአቸው የሚመለሱበትን ጥበብ ነበር። ከካርቶን ትንሽ መድረክ ሠርቶ፥ ወደ ጎጆው የሚያወርድ ዘንበል ያለ መንገድ አበጅቶ፥ ጉንዳኖቹን ከእጮቻቸው ጋር በላዩ አኖራቸው። እነርሱም ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ መውረጃውን አገኙት፤ ከዚያ ወዲያ እጮቹን በአፋቸው እየያዙ ያለ ማመንታት ይወርዱ ጀመር። መንገዱን ወደ ሌላው ጎን ቢያዛውረው፥ የሽታቸው ፍለጋ ወዳለበት ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ቀድሞው ስፍራ ሄደው ይፈልጉ ነበር። መብራት በአንድ ጎን አኑሮ ካስለመዳቸው በኋላ ወደ ሌላው ጎን ሲያዞረው ደግሞ ብርሃኑን ተከትለው ተሳሳቱ፤ ይህንም የመብራቱ ሙቀት ያመጣው ነው እንዳይባል ሙቀቱን የሚከላ ነገር አስቀድሞ በመካከል አኑሮ ነበር። ስለዚህ ጉንዳን በሽታ ብቻ አትመራም፤ ትማራለች፥ ታስታውሳለችም። በአልጄሪያ ጉንዳኖችን ያጠና የነበረው ቪክቶር ኮርኔ፥ ጉንዳን ጎጆዋን ስትቃረብ የምታደርገውን መዞር በተርነር ስም ጠርቶታል።

በመስክ የሠራው ደግሞ ከዚህ የቀለለ፥ በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ የበለጠ የሚያረካ ነው። አንዲት መሬት ቆፍራ የምትኖር ንብ ጎጆዋ በኮካ ኮላ ቆርኪ አጠገብ ነበር። ንቢቱ ለቀለብ በወጣች ጊዜ ተርነር ቆርኪውን አንሥቶ እርሱ ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ዘንድ አኖረው፤ ተመልሳ በመጣችም ጊዜ የገዛ ጎጆዋን ትታ በቆርኪው አጠገብ ወዳለው ባዕድ ጉድጓድ ገባች። የአካባቢዋን መልክ በልቧ ይዛ ነበርና።

በ1912 ጨለማ ወዳጅ የሆኑትን በረሮዎች፥ ወደ ጨለማው ሲገቡ በቀላል ኤሌክትሪክ እየነዘረ ብርሃኑን እንዲመርጡ አስተማራቸው፤ ቅርጹ ልዩ ወደ ሆነ ሣጥን ቢያዛውራቸውም የተማሩትን አልዘነጉም። ይህም ሁሉን ለደመ ነፍስ ብቻ ለሚሰጡት ከባድ ጥያቄ ነበር።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1910፥ በሴንት ሉዊስ ኦፋሎን መናፈሻ ማር የተቀባ ቀይ የካርቶን ክብ በሌሎች ቀለሞች መካከል እየበተነ፥ የማር ንቦች ቀለም ይለዩ እንደ ሆነ መርምሯል። ንቦቹ ቀዩን መርጠው ቢያርፉበትም፥ ምናልባት ቀዩ ለነርሱ ቀለም ሳይሆን ጥቁረቱ የተለየ ግራጫ ሆኖ ይታያቸው ይሆናል ብሎ፥ በገዛ ውጤቱ ላይ ጥርጥሩን ሳይሸሽግ ጻፈ። ካርል ፎን ፍሪሽ በ1914 ባሳተመው ጥናት ንብ ቀለም እንደምትለይ፥ ቀይን ግን ከጥቁርና ከጥቁር ግራጫ እንደማትለይ አረጋገጠ፤ የተርነር ጥንቃቄም ተገቢ እንደ ነበረ ታወቀ። ፍሪሽ በንብ ጥናቱ በ1973 የኖቤልን ሽልማት ሲካፈል፥ ተርነር ከሰባ የሚበልጡ ጽሑፎችን ትቶ በቺካጎ ካረፈ ኃምሳ ዓመት ሆኖት ነበር።