የበይነ መረብ ደኅንነት አዋጆችና የወንጀል ሕጉ

በኢትዮጵያ በበይነ መረብ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ለመከላከል የወጡ አዋጆች በወንጀል ሕጉ የተደነገገውን ይደግማሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ለመርማሪ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለዳኛ በተግባር የሚገጥም ነው። አንድ ተከሳሽ በየትኛው አንቀጽ እንደሚጠየቅና ምን ያህል ቅጣት እንደሚጠብቀው የሚወሰነው በመልሱ ነው።

በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስለ ኮምፒዩተር ያነሣው ነገር አልነበረም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 እስከ 711 ባሉት ስድስት አንቀጾች ያለፈቃድ በኮምፒዩተር አገልግሎት መጠቀምን፣ መረጃን ማበላሸትንና አገልግሎትን ማወክን በወንጀልነት ደነገገ።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እነዚህን ስድስት አንቀጾች በግልጽ ሽሯል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በሐሰት ወሬ ሕዝብን ማነሣሣትን ይቀጣ የነበረውን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 486 ሽሯል። በእነዚህ ጉዳዮች አዲሱ ሕግ ነባሩን ተካ እንጂ አልደገመውም።

አዋጆቹ በወንጀል ሕጉ ያልነበሩ ግዴታዎችንም ጥለዋል። አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት ፍሰት መረጃን ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ተደንግጓል። የማኅበራዊ ትስስር አገልግሎት ሰጪዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የተከለከለውን ይዘት እንዲያነሡ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያዛል።

መደራረብ የሚታየው ባልተሻሩት ድንጋጌዎች ላይ ነው። ለአብነት ያህል፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 ዛቻን የግል አቤቱታ ሲቀርብ በመቀጮ ወይም ከ6 ወር በማይበልጥ ቀላል እሥራት ይቀጣል። በአዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 መሠረት ግን በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ጽሑፍ ወይም ምስል አሠራጭቶ በሌላው ላይ የዛተ ሰው ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እሥራት፣ ከባድ በሆነ ጊዜም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እሥራት ይቀጣል።

በቃል የተነገረና በበይነ መረብ የተላለፈ ዛቻ የቅጣት ልዩነታቸው ይህን ያህል ሰፊ በመሆኑ የአንቀጽ አመራረጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 3 ጠቅላላ መርሆዎቹ በልዩ የወንጀል ሕጎችም ላይ ተፈጻሚ እንደሚሆኑ ይደነግጋል። በአንቀጽ 61 መሠረትም በአንድ የወንጀል ሐሳብ በአንድ መብት ላይ የተፈጸመ አንድ ድርጊት ተመሳሳይ በሆኑ ተደራራቢ ድንጋጌዎች አያስቀጣም። በመሆኑም ልዩ ሕግ ከጠቅላላ ሕግ ይቀድማል በሚለው መርህ በበይነ መረብ የተፈጸመ ዛቻ በአዋጁ ሲታይ፣ በአንቀጽ 580 ተጨማሪ ቅጣት ሊጣልበት አይገባም።

ስለሆነም የሕግ አስፈጻሚ አካላት ክስ ከመመሥረቱ በፊት በቅድሚያ የአዋጁን የተሻሩ ሕጎች ድንጋጌ፣ ቀጥሎም ድርጊቱ የተፈጸመበትን መንገድ መመርመር ይኖርባቸዋል። የተሻረ አንቀጽ መጥቀስ ክሱን ያሰናክላል፤ ሁለቱን ደራርቦ መጥቀስ ደግሞ ዜጋን ላንድ ጥፋት ለሁለት ቅጣት ያጋልጣል።