የሰንሰለት መጋዝ፦ ከአጥንት ወደ ግንድ፣ ከግንድ ወደ ሰው አካል

በተለምዶ ቼይንሶው በሚባለው የሰንሰለት መጋዝ የቆሰለ ዛፍ ቆራጭ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ የሚቀበለው ባለሙያ በቅድሚያ የሚያስበው ደሙን ስለ ማቆም ነው። ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ታሪክ ለሕክምና ሙያ እንግዳ አይደለም። በሰንሰለት የመቁረጥ ሐሳብ በሥራ ላይ የዋለው አስቀድሞ በሐኪሞች እጅ ሲሆን፣ መጋዙ ጫካ ከገባ በኋላ ያደረሰውን ጉዳት ለይተው ካሳወቁት መካከልም ሐኪሞች ይገኙበታል። ታሪኩ በአጠቃላይ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ አደጋን የሚቀንሰው ሠራተኛውን «ተጠንቀቅ» ማለት ብቻ ሳይሆን፣ ጉዳቱን መመዝገብ፣ መለካትና መሣሪያውን ማሻሻል ነው።

የሐኪሞች መጋዝ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማደንዘዣ አልነበረም። አጥንት የሚቆርጥ ሐኪም በፍጥነት መሥራት፣ በዙሪያው ያለውን ሥጋ፣ ነርቭና የደም ሥርም ከጉዳት መጠበቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1777 ዣን ረኔ ሲጎ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በፓሪስ፣ ዳሌዋ የጠበበ እናት እንድትገላገል የዳሌ አጥንቶች ከፊት የሚገናኙበትን ልም አጥንት በመክፈል ሲምፊዚዮቶሚ የተባለውን ቀዶ ሕክምና አከናወነ። ከዚህ በኋላ ስኮትላንዳዊው ጆን ኤትኪን እ.ኤ.አ. በ1785 በወጣው የማዋለድ ሕክምና መጽሐፉ ለዚሁ ተግባር የሚያገለግል ተጣጣፊ መጋዝ አሳየ። በግላስጎ የሥነ አካል ፕሮፌሰር የነበረው ጄምስ ጄፍሬይም ተመሳሳዩን መሣሪያ በበሽታ የተበላሸ አጥንትን ከመገጣጠሚያ ላይ ቆርጦ ለማውጣት አስቦታል።

መሣሪያው የሰዓት ሰንሰለት የሚመስል፣ ጥርስ ያለውና በሁለት ጫፎቹ እጀታ የተገጠመለት ቀጭን ሰንሰለት ነበር። ሐኪሙ በአጥንቱ ሥር ካሳለፈው በኋላ በእጁ ወዲያና ወዲህ ይስበው ነበር። ሞተር አልነበረውም፤ ስለዚህ የዛሬው የዛፍ መቁረጫ ለማዋለድ ተብሎ ተሠራ የሚለው ወሬ ከእውነቱ በእጅጉ የራቀ ነው። ለዛሬው ቅርጽ ይበልጥ የሚቀርበው ጀርመናዊው በርንሃርድ ሃይነ እ.ኤ.አ. በ1830 የሠራው መሣሪያ ሲሆን፣ በእሱ ላይ ጥርሳሙ ሰንሰለት በአንድ ረጅም ብረት ዙሪያ በእጅ መዘውር ይሽከረከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ጣሊያናዊው የማዋለድ ሐኪም ሊዮናርዶ ጂሊ ቀጭን የሽቦ መጋዙን ካስተዋወቀ በኋላ ግን የሐኪሞቹ ሰንሰለት ቀስ በቀስ ከሥራ ወጣ።

ሞተሩ ጫካ ሲገባ

ሐኪሞቹ የተዉትን ሐሳብ መሐንዲሶች በሌላ መንገድ ደረሱበት። በጀርመን አገር አንድሬያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ፣ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ መጋዝ አቀረበ። የመጀመሪያዎቹ መጋዞች ለሁለት ሰው ሸክም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካዊው እንጨት ቆራጭ ጆሴፍ ኮክስ፣ ግንድ የሚበላ የጥንዚዛ እጭ መንጋጋውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዘዋወረ እንዴት እንደሚቦረቡር ተመልክቶ አዲስ ዓይነት የሰንሰለት ጥርስ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1959 ገበያ ላይ የዋለው የሽቲል «ኮንትራ» ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር። አንድ ሰው ቀድሞ በመጥረቢያ ቀኑን ሙሉ የሚለፋበትን ሥራ በጥቂት ደቂቃዎች ለመጨረስ ቻለ። ከዚህ ፍጥነት ጋር ግን አዲስ ዓይነት ቁስል መጣ።

የዚህ መጋዝ ሰንሰለት በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል። እንደ ቢላዋ አይቆርጥም፤ እያንዳንዱ ጥርስ ከሥጋውና ከአጥንቱ ቁራጭ እያነሳ ስለሚሄድ የቁስሉ ጠርዝ የተቦጫጨቀ ይሆናል። የእንጨት ብናኝ፣ የሰንሰለት ዘይትና የልብስ ክር ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው የመጋዙ ድንገተኛ ወደ ኋላ መፈናጠር ነው። የብረቱ ጫፍ የላይኛው ክፍል ከግንድ ወይም ከቅርንጫፍ ጋር ሲነካካ፣ የሰንሰለቱ ኃይል መጋዙን ወደ ላይና ወደ ሠራተኛው ፊት፣ አንገትና ትከሻ ይወረውረዋል። ይህ የሚሆነው የሰው እጅ ለመከላከል ከሚችልበት ጊዜ በፊት ስለሆነ፣ ጥንቃቄ ብቻውን አይመልሰውም። መጋዙ በቀኝ እጅ ከኋላ፣ በግራ እጅ ከፊት የሚያዝ በመሆኑ የግራ እጅና የግራ እግር በተለይ ለጉዳት የተጋለጡ ናቸው።

መፍትሔውም ከመሣሪያው ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አምራቾች መጋዙ ሲፈናጠር ሰንሰለቱን በቅጽበት የሚያስቆም ፍሬን ገጠሙ። ሰንሰለቱ ሲነካው ረጃጅም ክሮቹ እየተመዘዙ በማርሹ ላይ ተጠምጥመው ሰንሰለቱን የሚያቆሙት የመከላከያ ሱሪም በሥራ ላይ ዋለ።

የነጣው ጣት

ሁለተኛው ጉዳት ደም አያፈስስም። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊቷ ሐኪም አሊስ ሃሚልተን በኢንዲያና ግዛት በቤድፎርድ አካባቢ፣ በአየር ግፊት መዶሻ የሚሠሩ ድንጋይ ጠራቢዎችን መርምራ፣ በብርድ ጊዜ ጣቶቻቸው እንደሚነጡና እንደሚደነዝዙ፣ ምክንያቱም የመሣሪያው ንዝረት መሆኑን አስረዳች። እውቀቱ እጅ ላይ ነበረ። ሆኖም ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው የወጡት የሰንሰለት መጋዞች ንዝረቱን ሳይቀንሱ በሺህ ለሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያው ሕመም በጃፓን፣ በብሪታኒያና በሰሜን አውሮፓ ጫካ ሠራተኞች ላይ ታየ። ብሪታኒያ የነጭ ጣት ሕመምን ካሣ ከሚያስገኙ የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ከሃሚልተን ጽሑፍ ከ67 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

መለካት ምን እንደሚያስገኝ ፊንላንድ አሳይታለች። በዚያ አገር አንድ የጫካ ሠራተኞች ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1990 በተከታታይ ተመርምሯል። በዚሁ ዘመን እጀታው ከሞተሩ በላስቲክና በስፕሪንግ እየተለየ ሲሠራ፣ የመጋዞቹ ንዝረት በሰከንድ ካሬ ከ14 ሜትር ወደ 2 ሜትር ወረደ። የነጭ ጣት ሕመምም ከመቶ 40 ወደ 5 ቀነሰ። በዋናነት የተለወጠው በእጃቸው ያለው መሣሪያ ነበር።

ለጤና ባለሙያው

በኢትዮጵያ ዛፍ በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ ሲቆረጥ ኖሯል፤ ዛሬ የባሕር ዛፍና የሌሎች ተክሎች ቆረጣ በሞተር መጋዝም ይካሄዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ነገር ግን መጋዝ ተከራይቶ ለራሱ የሚሠራ ሰው አሠሪ የለውም፤ እንዲህ ያለው ቁስለኛ ስለ መሣሪያው የሚጠይቀው ሰው የሚያገኝ ከሆነ፣ ያ ሰው የጤና ባለሙያው ነው።

ለቁስሉ የሚደረገው እርዳታ የታወቀ ነው፦ ደሙን ቁስሉን አጥብቆ በመጫን ማቆም፣ ይህ ካልበቃ እጅና እግርን ከቁስሉ በላይ ማሰር፣ ከመስፋት በፊት የሞተ ሥጋንና ባዕድ ነገርን በሚገባ ማጽዳት፣ ጅማት፣ ነርቭና የደም ሥር መቆረጣቸውን መመርመር፣ የቴታነስ መከላከያ መስጠት። የራስና የደረት ጉዳትም ሳይታይ መቅረት የለበትም፤ ምክንያቱም በዛፍ ቆረጣ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ሰንሰለቱ ሳይሆን የሚወድቀው ግንድና ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህም ዛፍ ሲጣል ሌሎች ሰዎች ቢያንስ ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሚሆን ርቀት ላይ ይቆማሉ፤ ቆራጩም ከመጀመሩ በፊት የሚሸሽበትን መንገድ ይጠርጋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ጥያቄ ነው፦ መጋዙ ፍሬን ነበረው? ሠራተኛው ምን ለብሶ ነበር? ከማን ተማረ? ጣቶቹ በብርድ ይነጣሉ? መልሱ በካርዱ ላይ «በመጋዝ ተቆረጠ» ከሚለው ጋር ቢጻፍ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አሊስ ሃሚልተን ያየችውን በጽሑፍ አስቀምጣለች፤ የዘገየው የሚያነብብና የሚሠራበት ሰው ነበር። ያልተጻፈውን ግን ዘግይቶም ቢሆን የሚያነብበው አይኖርም።