ሳይሰጠን የቀረ ወረቀት

ከናይሮቢና ከካኩማ አሜሪካ የገባችሁ ወገኖቼ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

የአክስቴ ልጅ እዚያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ሦስተኛ ዓመት ላይ አክስቴ እዚህ ታመመች፤ ትምህርቱን ትቶ መጋዘን ገባ፣ የሕክምናውን ብር ላከ። ዛሬም ቅጽ ሲሞላ “ሃይስኩል” ብሎ ነው የሚጽፈው። ከ70 ክሬዲት በላይ ይዞ!

ነገሩ የቆየ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ውስጥ በጆሊየት ከተማ የተከፈተው ኮሌጅ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሁለቱን ዓመት ቤትህ አጠገብ ተማር፣ ቀሪውን ዩኒቨርሲቲ ጨርስ። ብዙው ተማሪ ግን ለአሶሺየት ዲግሪ የሚያስፈልገው 60 ያህል ክሬዲት ሳይሞላለት ይዛወራል። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሞላ ኮሌጁ በምን ይወቅ? መሃል ላይ ያቋረጠ ባዶ እጁን ይቀራል።

መላው “ሪቨርስ ትራንስፈር” ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕቱን ወደ ቀድሞው ኮሌጅ ይልካል፤ ኮሌጁ ቆጥሮ፣ ከሞላ ዲግሪውን ይሰጣል። ቴክሳስ በ2011 ሕግ አወጣችለት፤ በ2012 ሉሚና ፋውንዴሽን ከሌሎች ጋር ሆኖ በ12 ግዛቶች ሥራውን ደገፈ። ታዲያ ትራንስክሪፕት እንዲላክ የተማሪው ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው በኢሜይል ነው፤ የትምህርት ቤት ኢሜይል ደግሞ ማን ያነባል?

ሳምንት ሙሉ በዋትስአፕ ጨቀጨቅኩት። ትናንት ለኮሌጁ ሬጅስትራር ጻፈ።