ውፍረትና ጥማት በ«አል-ቃኑን» ውስጥ

በ428 ዓመተ ሒጅራ (1037 እ.ኤ.አ.) የሞተው ኢብን ሲና ስለ ከመጠን ያለፈ ውፍረት የጻፈውን የሚፈልግ አንባቢ፣ በ«አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ» የልብ ወይም የጉበት ምዕራፍ ቢፈልገው አያገኘውም። የሚገኘው በአራተኛው መጽሐፍ፣ ስለ መልክና ውበት (ዚና) በሚናገረው ክፍል፣ ከፀጉርና ከቆዳ ጉዳይ ጋር ነው። ቦታው ግን ያሳስታል። ሸይኹ እዚያ ስቡ ደም ሥርን ተጭኖ እንደሚያጠብ፣ እጅግ የወፈረ ሰውም ለድንገተኛ ሞትና ለሽባነት እንደሚጋለጥ ያስጠነቅቃል። ሕክምናው ሆድ የሚሞላ ነገር ግን ገንቢነቱ ጥቂት የሆነ ምግብና ፈጣን እንቅስቃሴ ነው፤ የዛሬ ሐኪምም ብዙ አይለውጠውም።

ጥማትና ሽንት የሚያበዛውን በሽታ፣ የዛሬውን ስኳር፣ ያኖረው ግን በሦስተኛው መጽሐፍ ከኩላሊት ሕመሞች ጋር ነው። ያ መጽሐፍ ከራስ እስከ እግር በአካል ክፍሎች የተደራጀ በመሆኑ፣ በሽታው ውሃው ለሚያልፍበት ብልት ተሰጠ።

ስለዚህ ኢብን ሲና ሜታቦሊክ ሲንድረምን አስቀድሞ ደርሶበታል የሚለው የዘመናችን ውዳሴ አይጸናም፤ ለእርሱም ክብር አይጨምርም። የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርንና የደም ቅባት መዛባትን ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ከማለቱ ጋር አያይዞ በአንድነት ያቀረበው አሜሪካዊው ሐኪም ጄራልድ ሪቨን ነው፤ ዘመኑም 1988 እ.ኤ.አ.። የሚገርመው፣ ሪቨንም ውፍረትን ከዝርዝሩ ውጭ ትቶት ነበር። የወገብ ልክ በመመዘኛዎቹ ውስጥ የገባው ከእርሱ በኋላ ነው።