ህዋስ አስከልካይ

ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት አንድ ወጣት ለእናቱ ጉንፋን «ፀረ-ቫይረስ» ሲጠይቅ ሰማሁ፤ ቃሉ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ፀር በግእዝ ጠላት ነው። ስለዚህ «ፀረ» ሲባል የሚገድል፣ ድራሹን የሚያጠፋ ይመስለናል። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒቶች ሥራ ግን ለየቅል ነው። ኦሴልታሚቪር አዲስ የተባዙት ቫይረሶች ከህዋሱ ተላቀው እንዳይሠራጩ ያግዳል፤ መውጫውን ይይዛል ማለት ነው። በሩሲያና በቻይና የሚታዘዘው ኡሚፌኖቪር ደግሞ ሄማግሉቲኒን የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን ጨምድዶ ይዞ ከህዋሱ ሽፋን ጋር እንዳይዋሐድ፣ ወደ ውስጥም እንዳይዘልቅ ያደርገዋል። ሁለቱንም በአንድ «ፀረ» መጥራት ይህን ልዩነት ይውጠዋል። ለዚህ ለሁለተኛው የሚሆን ቃል ከደጃችን አለ። በቤተ መንግሥት ማን ወደ ንጉሡ እንደሚገባ የሚቆጣጠረው ሹም እልፍኝ አስከልካይ ይባል ነበር። አስከልካይ ገዳይ አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ ይመልሳል። መድኃኒቱንስ «ህዋስ አስከልካይ» ብንለው? እኔ ቀጥተኛ ከሚመስለው «መግቢያ አጋጅ» ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ አድራጊውን እንደ ሰው ያሳያል። በ1911 ዓ.ም. ሰዉን የፈጀው የኅዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ያኔ በሩን የሚይዝለት አስከልካይ አልነበረም።