ከጋያ ወደ ሲጋራ፥ ከሲጋራ ወደ እንፋሎት

ከወልድያ ተነሥቶ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ የሚሄደውን ጎዳና የሚመላለስ መንገደኛ፥ መኪናው በቆመበት ሁሉ ማስቲካና ሶፍት፥ ክብሪትና ሲጋራ በደረቱ ላይ ባንጠለጠላት ሳጥን ደርድሮ በፍሬ የሚሸጥ ብላቴና ከመስኮቱ ሥር ስለማያጣ፥ ሲጋራ ከየጁ ምድር ጋራ አብሮ የተፈጠረ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ሲጋራ በዚህ አገር እንግዳ ነው፤ ከእርሱ በፊት ጋያ ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ ቬፕ የሚባለው፥ ያለ እሳት በባትሪ ኃይል ፈሳሹን ወደ እንፋሎት የሚለውጥ ዕቃ መጥቷል። ብዙ ዘመን ሲጋራ ያጨሰ ሰው ወደዚህ አዲስ ዕቃ ቢሻገር ይበጀዋልን የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለም የሐኪሞች ክርክር ቢሆንም፥ አባቶቻችን ከአንዱ የትምባሆ ዕቃ ወደ ሌላው አስቀድመው ተሻግረው ነበርና፥ እኛ ከሐኪሙ በፊት ታሪክን ልንጠይቅ ይገባናል።

ጋያ ማለት በቅል ውሃ ተሞልቶ፥ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት የሸክላ ራስ ተተክሎለት፥ በመቃ የሚሳብ ዕቃ ነው። የሚስበው ሰው መቀመጥ አለበት፤ ፍም የሚያቀርብለትና ውሃ የሚቀይርለት ያስፈልገዋል፤ ጎረቤት ሲመጣም መቃው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እንግዲህ ዕቃው ራሱ በድካሙ ለልማዱ ልክ ያበጅለት ነበር፤ እርፍ ጨብጦ ወይም በቅሎ እየነዳ ጋያ ሊስብ የሚችል የለምና።

ሆኖም ካህናቱ ዕፁን አጥብቀው ይጸየፉት ነበር። ትምባሆ 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ ካወገዙት ከአርዮስ መቃብር ላይ በቀለ የሚለው ትውፊት፥ ዕፁ ከአሜሪካ ምድር እንደ ወጣ ለምናውቀው ለእኛ ታሪክ ሊሆነን ባይችልም፥ ማጨስ በምእመናን ዘንድ ከኑፋቄ ጋራ ተቈጥሮ እንደ ኖረ ይመሰክራል። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥትም ትምባሆ ተከልክሎ፥ ያጨሰ ከንፈሩን፥ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ይቈረጥ እንደ ነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ይህ ንጉሠ ነገሥት በ1870 ዓ.ም. በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አቁሞ የወሎን እስላም ወደ ክርስትና እንዲገባ ያስገደደ መሆኑን ስናስብ፥ በተለይ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ በሚውሉበት በየጁ፥ የትምባሆው ቅጣት የሰውን ሳንባ ለመጠበቅ የታዘዘ ሳይሆን ሃይማኖትን ከሃይማኖት ለመለየት የታሰበ እንደ ነበር ለመረዳት አያዳግትም። እኔም ያን የተቈረጠ ከንፈር ሳላዝን ላስበው አልችልም፤ ይህን ያህል ጭካኔ የተፈጸመበት ልማድ ተሰውሮ ቈየ እንጂ አልጠፋምና።

ጋያን ከቤት ያስወጣው ዐዋጅ ሳይሆን መንገድ ነው። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ ወደ አሥመራ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ተሠራ፤ በዚያም መንገድ ሾፌርና ረዳት፥ ከእነርሱም ጋራ ሲጋራ መጣ። ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመና፥ ኋላ ኒያላ የተባለው ሲጋራ እስከ ገጠር ሱቅ ደረሰ። በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወጣውን መንገድ ሲሠሩም ወልድያ የሁለት ጎዳና መገናኛ ሆነች፤ በሌሊት የሚነዳ ሰው እንቅልፉን የሚያባርረው በሲጋራ ነበር። በወረቀት የተጠቀለለ ትምባሆ ውሃ አይሻም፥ ጎረቤትም አይጠብቅም፤ በኪስ ይያዛል፥ በየሰዓቱ ይለኰሳል። ጋያ ያበጀው ልክ በዚህ ፈረሰ፤ ያ የመጀመሪያው መሻገር ወደ ቀለለው ዕቃ፥ ነገር ግን ወደ ከበደው ሱስ ነበር።

ቬፕን የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ራሱ አጫሽ ነበረ፤ አባቱም በሳንባ ካንሰር ሞቷል። በ2003 እ.ኤ.አ. ያሰበውም አጫሹ ኒኮቲኑን ያለ ጢስ የሚያገኝበትን መንገድ ነበር፤ ሱሰኛ የሚያደርገው ኒኮቲን ቢሆንም፥ አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ግን ትምባሆ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ነውና። የእንግሊዝ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የእንፋሎቱ ጉዳት ከጢሱ ጉዳት ከመቶ 5 እጅ የሚበልጥ አይመስልም አለ። ነገር ግን ይህ የተባለው ሲጋራውን ፈጽሞ ለሚተው አጫሽ ነው፤ አጭሶ ለማያውቅ ልጅ ይህ ዕቃ አዲስ የሱስ በር ነው፤ እሳትም የጢስ ሽታም ስለሌለው ከሲጋራው ይልቅ ልክ የሌለው ነው።

መንግሥታችንም በሩን አስቀድሞ ዘጋው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ትምባሆ መሸጥን፥ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም፥ ማለት ቬፕን፥ ማስመጣትና መሸጥን ከለከለ። ለወልድያና ለመርሳ ልጆች ይህ መልካም ነው፤ እደግፈዋለሁ። ሆኖም አርባ ዓመት አጭሶ ዛሬ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው፥ ሲጋራውን ከንስሐ አባቱ የሚሰውረው ሽማግሌ፥ የሚበልጠው መርዝ በየሱቁ በፍሬ እየተሸጠለት፥ የሚያንሰው ተከልክሎበታል፤ ሲጋራ ለመተው የሚረዳውን ምክርና መድኃኒትም በአቅራቢያው አያገኝም። ይህ ሰው ተረስቷል፤ መረሳቱም ያሳዝነኛል።

መርሳ ከምትገኝበት ከሀብሩ ወረዳ ብዙ ወጣት ወደ ሳዑዲ ዓረብያ ይሰደዳል። ከስደት ተመላሹ ልጅ ለአባቱ ቬፕ ይዞለት ቢመጣ፥ አባትየውም እንፋሎቱን እየሳበ ከሲጋራው ጥቂት ሳምንት ቢያርፍ፥ ፈሳሹ ባለቀ ጊዜ በመርሳ ገበያ በሕግ የሚሸጥለት ስለማይኖር፥ ወደ መናኸሪያው ወርዶ ሳጥን በደረቱ ካንጠለጠለው ብላቴና አንድ ፍሬ ሲጋራ ይገዛል።